ኪሎ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ፤ የመለኪያ መነሻ ቃላት ታሪክና የመለዋወጫቸው ሥርዐት

«ኪሎ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው በአገራችን ገበያ አይገኝም። ሽንኩርት ወይም ሥጋ የሚገዛ ሰው ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ይናገራል፤ መንገደኛው የሄደበትን መንገድ በኪሎ ሜትር ይቈጥራል፤ ገበሬው የእርሻውን ስፋት በሄክታር ያስለካል፤ ልብስ ሰፊው የደንበኛውን ወገብ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ይሁን እንጂ ኪሎ ማለት በራሱ ክብደት ወይም ርዝመት ማለት አይደለም። ኪሎ ቍጥር ነው፤ ትርጕሙም «አንድ ሺህ» ነው። ገበያተኛው «አንድ ኪሎ ስጠኝ» ሲል «አንድ ሺህ ስጠኝ» ማለቱ ነው፤ የምኑ አንድ ሺህ እንደ ሆነ የሚታወቀው ግራም የሚለው ቃል በልብ ስለሚታሰብ ብቻ ነው።

በሰዋስው ትምህርታችን በቃል መጀመሪያ ላይ እየተጨመረ ትርጕሙን የሚለውጠው ባዕድ መነሻ እንደሚባል ተምረናል። ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ የሚባሉትም እንደዚሁ በመለኪያ ስም መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡ መነሻ ቃላት ናቸው። እነዚህ ቃላት ከየት እንደ መጡ፣ ለምንስ እንደ ተፈጠሩ፣ አንዱንም ወደ ሌላው እንዴት እንደምንለውጥ መግለጥ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

መለኪያ በበዛበት ዘመን የነበረው ችግር

የሰው ልጅ አስቀድሞ የለካው በገዛ አካሉ ነው። በአገራችን ጣት፣ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ የርዝመት መለኪያዎች ነበሩ። እህል በቁናና በዳውላ ይሰፈር፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘን፣ ወርቅ በወቄት ይሸጥ፣ መሬት በጋሻ ይቈጠር ነበር። እነዚህ መለኪያዎች ለብዙ ዘመን አባቶቻችንን አገልግለዋል። ነገር ግን የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ይረዝማል፤ የአንዱ ገበያ ቁናም ከሌላው ገበያ ቁና ጋር አይተካከልም። ስለዚህ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላ አውራጃ የሚሄድ ነጋዴ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መስፈሪያውንም እንደ ገና መማር ግድ ይሆንበት ነበር።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። በፈረንሳይ አገር ከ1789 አብዮት በፊት የመለኪያዎቹ ስሞች 800 ያህል እንደ ነበሩ፣ አንዱም ስም በየመንደሩ የተለያየ ልክ ስለ ነበረው በጠቅላላው 250,000 ያህል ልዩ ልዩ መለኪያዎች ይገኙ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ከዚህም የተነሣ የሚጎዳው ድኻው ነበር። ባለ ርስቱ ከጭሰኛው የእህል ግብር ሲቀበል የሚሰፍረው በራሱ መስፈሪያ ስለ ነበረ፣ መስፈሪያው ሰፋ ቢል ጭሰኛው የሚከራከርበት መንገድ አልነበረውም። በ1789 ሕዝቡ አቤቱታውን በየመዝገቡ አጽፎ ወደ ንጉሡ ሲልክ፣ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ በመላው አገር አንድ ዓይነት ሚዛንና መለኪያ እንዲደረግለት ነበር። እንግዲህ የሜትር ሥርዐት የተወለደው ከሊቃውንት ምርምር ብቻ ሳይሆን ከገበሬው እንባም ጭምር ነው።

በዐሥር የመቍጠር ሐሳብ

የሐሳቡ ሥር ግን ከአብዮቱ በፊት ነበረ። በ1585 ሲሞን ስቴቪን የተባለ የፍላንደርስ ሰው ስለ ዐሥርዮሽ ክፍልፋይ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ገንዘብና መለኪያ ሁሉ በዐሥር ዐሥር ቢከፈል ሒሳብ ለሁሉ ሰው ቀላል እንደሚሆን አስረዳ። በ1670 ደግሞ ጋብርኤል ሙቶን የተባለ የሊዮን ከተማ ቄስ፣ የርዝመት መለኪያ ከምድር ስፋት ተወስዶ በዐሥር ዐሥር እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ።

ከዚህ በኋላ 120 ዓመት አልፎ፣ በ1790 ታሌራን የፈረንሳይ ብሔራዊ ጉባኤ አንድ አዲስ መለኪያ እንዲያወጣ ጠየቀ። በ1791ም ቦርዳ፣ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ኮንዶርሴ የተባሉት ሊቃውንት መክረው፣ አዲሱ መለኪያ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10,000,000 ተከፍሎ ከሚገኘው አንዱ እጅ እንዲሆን ወሰኑ። ስሙም ሜትር ተባለ፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መለኪያ ማለት ነው። ምድር የሁሉ ስለ ሆነች፣ ከምድር የተወሰደ መለኪያም የማንም ንጉሥ ወይም የማንም አገር ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ይሆናል ብለው ነበር።

ይህን ርቀት እንዲለኩ ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የከዋክብት ሊቃውንት በ1792 ተላኩ። በሰሜን ፈረንሳይ ካለችው ከደንከርክ እስከ ስፔን ከተማ እስከ ባርሴሎና ድረስ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ፣ ከደወል ቤት ወደ ደወል ቤት እያነጣጠሩ በሦስት ማዕዘን ስሌት ለኩ። ዘመኑ የጦርነትና የሽብር ዘመን ስለ ነበረ ሥራው በታላቅ መከራ ተሠራ። ደላምብር በሰላይነት እየተጠረጠረ ብዙ ጊዜ ተያዘ፤ ሜሼን ፈረንሳይና ስፔን ስለ ተዋጉ በስፔን አገር እንዲቈይ ተገደደ። የውሃን ክብደት በመመርመር ሥራ የተካፈለው ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዚዬ በ1794 በሞት ተቀጣ። ሜሼንም በባርሴሎና ያደረጋቸው ሁለት ምልከታዎች በጥቂቱ ስላልተስማሙለት፣ ነገሩን ከባልደረቦቹ ሰውሮ እስከ ሞቱ ድረስ በልቡ ተጨንቆበታል። ልኬቱን ለማስፋት ወደ ስፔን ተመልሶ ሳለ በ1804 በቢጫ ወባ በሽታ ሞተ፤ ጓደኛው ደላምብር ወረቀቶቹን መርምሮ እውነቱን ለታሪክ አስቀመጠ።

ዛሬ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10,002 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ የእነዚያ ሰዎች ሜትር ከታሰበው ያነሰችው በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእግርና በፈረስ እየተጓዙ ለለኩ ሰዎች ይህ የሚደነቅ ሥራ ነው።

መነሻ ቃላቱ የወጡበት ሕግ

ልኬቱ ገና ሳያልቅ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1795 በፈረንሳይ አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለርዝመት ሜትርን፣ ለመሬት ስፋት አርን፣ ለማገዶ እንጨት ስቴርን፣ ለፈሳሽና ለእህል ሊትርን፣ ለክብደት ግራምን ሰየመ። ከነዚህ የሚበልጡትንና የሚያንሱትን መለኪያዎች ሁሉ ለየብቻ ስም ከማውጣት ይልቅ፣ ጥቂት መነሻ ቃላት እንዲጨመሩባቸው አዘዘ።

የሚያበዙት ቃላት ከግሪክ ቋንቋ ተወሰዱ፤ እነርሱም ዴካ 10፣ ሄክቶ 100፣ ኪሎ 1,000፣ ሚሪያ 10,000 ናቸው። የሚያሳንሱት ከላቲን ቋንቋ ተወሰዱ፤ እነርሱም ዴሲ አንድ ዐሥረኛ፣ ሴንቲ አንድ መቶኛ፣ ሚሊ አንድ ሺህኛ ናቸው። ይህ አከፋፈል በብልሃት የተደረገ ነው፤ ኪሎና ሚሊ ሁለቱም ከሺህ የመጡ ሲሆኑ፣ የግሪኩ ወደ ላይ፣ የላቲኑ ወደ ታች ይወስደናል።

የዚህ ሥርዐት ጥቅም ከአሮጌው ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በአሮጌው የፈረንሳይ መለኪያ አንድ ቱዋዝ 6 ፒዬ፣ አንድ ፒዬ 12 ፑስ፣ አንድ ፑስ 12 ሊኝ ነበረ። አንድ ሰው 5 ቱዋዝ ከ4 ፒዬ ከ7 ፑስ ስንት ሊኝ እንደ ሆነ ለማወቅ፣ 5ን በ6 አባዝቶ 4 ይጨምራል፤ 34 ያገኛል። ያንን በ12 አባዝቶ 7 ይጨምራል፤ 415 ያገኛል። ያንን እንደ ገና በ12 አባዝቶ 4,980 ሊኝ ላይ ይደርሳል። በአዲሱ ግን 5 ሜትር ከ4 ዴሲ ሜትር ከ7 ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊ ሜትር ነው ቢባል፣ ቍጥሮቹን አከታትሎ ጽፎ አንድ ዜሮ መጨመር ይበቃል፤ 5,470 ነው።

በዚያው በ1795 የፈረንሳይ ገንዘብ ፍራንክ ለ100 ተከፍሎ፣ አንዱ እጅ ሳንቲም ተባለ። ይህ ስም ወደ አገራችንም ገብቶ እስከ ዛሬ የብራችን መቶኛ ክፍል ሳንቲም ይባላል። ስለዚህ በኪሳችን ያለው ሳንቲምና በማስመሪያችን ላይ ያለው ሴንቲ ሜትር የአንድ ቃል ልጆች ናቸው።

አንድ እንግዳ ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። በ1793 የክብደት ዋና መለኪያ ሆኖ የታሰበው ዛሬ ኪሎ ግራም የምንለው ሲሆን፣ ስሙም ግራቭ ነበረ። በ1795 ግን ግራቭ ተትቶ ትንሹ ግራም ዋና ሆነ። ከፕላቲን የሚሠራው ናሙና ግን በግራም ልክ ቢሠራ እጅግ ትንሽ ስለሚሆን፣ በ1799 የተሠራው የኪሎ ግራም ናሙና ሆነ። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ ከመሠረታዊ መለኪያዎች ሁሉ መነሻ ቃል ተሸክሞ የሚኖር ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሁለት መነሻ ቃላትን መደረብ ስለማይፈቀድም፣ የኪሎ ግራም ሚሊዮንኛ ክፍል «ማይክሮ ኪሎ ግራም» አይባልም፤ ሚሊ ግራም ይባላል እንጂ።

ሕዝቡ መለኪያውን እንዴት ተቀበለው?

መልካም ነገር ሁሉ ወዲያው አይወደድም። የፈረንሳይ ገበያተኛ የግሪክና የላቲን ስሞች ስለ ከበዱት አሮጌውን አልተውም አለ። በ1800 መንግሥት ዴሲ ሜትርን «መዳፍ»፣ ሴንቲ ሜትርን «ጣት» ብሎ መጥራት ፈቀደ፤ ይህም አልበቃም። በ1812 ናፖሌዎን አሮጌ ስሞች ያሏቸውን መለኪያዎች ወደ ገበያ መለሰ። በ1837 በወጣው ሕግ መሠረት ግን ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ የሜትር ሥርዐት ብቻ እንዲሠራበት ታዘዘ። ከመጀመሪያው ሕግ እስከዚያ ድረስ 45 ዓመት ፈጀ።

ግንቦት 20 ቀን 1875 በፓሪስ 17 መንግሥታት የሜትርን ውል ተፈራረሙ፤ የዓለም አቀፍ መለኪያ መሥሪያ ቤትም በሴቭር ተቋቋመ። በአገራችንም በ1963 የሚዛንና የመለኪያ ዐዋጅ ወጥቶ የሜትር ሥርዐት ሕጋዊ መለኪያ ሆነ።

መነሻ ቃላቱም ከሳይንስ እድገት ጋር በዙ። በ1873 የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር ኮሚቴ ሚሊዮን እጥፍ ለሆነው ሜጋን፣ ሚሊዮንኛ ለሆነው ማይክሮን አስገባ፤ በግሪክ ትልቅና ትንሽ ማለት ናቸው። በ1960 የተሰበሰበው 11ኛው የመለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ ሥርዐቱን ዓለም አቀፍ ሥርዐት ብሎ ሰይሞ፣ ጊጋንና ቴራን ወደ ላይ፣ ናኖንና ፒኮን ወደ ታች ጨመረ። ጊጋ ከግዙፍ ሰው፣ ናኖ ከድንክ ስም የተወሰዱ ናቸው። ሚሪያ ግን ከዝርዝሩ ቀረ። በ1964 ፌምቶና አቶ፣ በ1975 ፔታና ኤክሳ፣ በ1991 ዜታ፣ ዮታ፣ ዜፕቶና ዮክቶ፣ በ2022 ደግሞ ሮና፣ ኩዌታ፣ ሮንቶና ኩዌክቶ ተጨመሩ። ሮና ከ1 በኋላ 27 ዜሮ ያለው ቍጥር ነው፤ የምድራችንም ክብደት 6 ሮና ግራም ያህል ነው።

የሜትር ትርጓሜም ከጊዜ በኋላ ከብረት ዘንግ ወጥቶ በብርሃን ተተካ። ከ1983 ጀምሮ ሜትር ማለት ብርሃን በባዶ ቦታ በአንድ ሴኮንድ 299,792,458ኛ ክፍል የሚሄደው ርቀት ነው። ኪሎ ግራምም ከግንቦት 20 ቀን 2019 ጀምሮ የሚተረጐመው በብረት ናሙና ሳይሆን በማይለወጥ የተፈጥሮ ቍጥር ነው።

እንዴት እንለዋውጣቸዋለን?

መለዋወጡን ለመማር መሰላልን ማሰብ ይጠቅማል። ከላይ ኪሎ፣ ከእርሱ በታች ሄክቶ፣ ዴካ፣ ከዚያ መነሻ ቃል የሌለው ዋናው መለኪያ፣ ቀጥሎ ዴሲ፣ ሴንቲ፣ ሚሊ ይቈማሉ። በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ያለው 10 ነው። ከኪሎ በላይና ከሚሊ በታች ግን ደረጃው በሺህ ሺህ ይዘላል፤ ከኪሎ ወደ ሜጋ፣ ከሜጋ ወደ ጊጋ፣ ከጊጋ ወደ ቴራ፤ እንዲሁም ከሚሊ ወደ ማይክሮ፣ ከማይክሮ ወደ ናኖ፣ ከናኖ ወደ ፒኮ።

የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ መለኪያው ሲያንስ ቍጥሩ ይበዛል፣ መለኪያው ሲተልቅ ቍጥሩ ያንሳል። 1 ብር ከ25 ሳንቲም ያለው ሰው 125 ሳንቲም አለኝ ቢል ገንዘቡ አልጨመረለትም፤ የቈጠረበት መለኪያ ስላነሰ ቍጥሩ በዛ እንጂ። እንደዚሁም 3.5 ኪሎ ሜትር 3,500 ሜትር፣ ወይም 3,500,000 ሚሊ ሜትር ነው። በተገላቢጦሹ 250 ሚሊ ግራም 0.25 ግራም፣ 500 ማይክሮ ግራም 0.5 ሚሊ ግራም ነው። መልሱ ከተገኘ በኋላ «ቍጥሩ መብዛት ነበረበት ወይስ ማነስ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ብዙ ስሕተት ያድናል።

ሁለተኛው ደንብ ስለ ስፋትና ስለ ይዘት ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ አንድ ካሬ ሜትርም 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው የሚል ተማሪ ይሳሳታል። ካሬው በቁመቱም በወርዱም 100 ስላለው፣ 100 በ100 ተባዝቶ 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በይዘት ደግሞ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ አንድ ሜትር ኩብ 1,000,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ሄክታር የሚለውም ስም ሄክቶና አር የተጋጠሙበት ነው፤ አር 100 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ተብሎ ሲቈጠርም 400,000 ካሬ ሜትር ማለት ነው።

ሦስተኛው ደንብ ስለ ምልክቶች ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ትንሹ «ኤም» ሚሊ፣ ትልቁ «ኤም» ሜጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1,000,000,000 እጥፍ ስለ ሆነ ፊደሉን በጥንቃቄ መጻፍ ይገባል። በኮምፒዩተር ሥራም ኪሎ ለሚለው ቃል 1,024ን መያዝ ተለምዶ ስለ ነበረ፣ ግራ መጋባቱን ለማስወገድ በ1998 ኪቢ፣ ሜቢና ጊቢ የተባሉ ሌሎች መነሻ ቃላት ወጥተዋል።

የመለዋወጥ ስሕተት የሚያስከትለው አደጋ

አንዳንድ ተማሪ «ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ነው» ይል ይሆናል። የሚከተለው ታሪክ ግን ይህ እውነት እንዳልሆነ ያሳያል። ሐምሌ 23 ቀን 1983 አንድ አዲስ የካናዳ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ለጉዞው 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። በታንኩ ውስጥ 7,682 ሊትር ነበረ። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ አንድ ሊትር ነዳጅ 0.8 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን መያዝ ሲገባ፣ ሠራተኞቹ በአሮጌው መለኪያ በፓውንድ የሚሠራበትን 1.77ን ያዙ። 7,682ን በ1.77 አባዝተው 13,597 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያለ መሰላቸው፤ የጐደለውንም 8,703 ለ1.77 አካፍለው 4,917 ሊትር ብቻ ጨመሩ። መጨመር የነበረበት ግን ከ20,000 ሊትር በላይ ነበረ።

አውሮፕላኑ 69 ሰዎችን እንደ ያዘ ከ12,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀና ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ ጭልፊት አንሳፍፈው፣ ጊምሊ በተባለ ቦታ በነበረ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አሳረፉት፤ ከተሳፋሪዎቹም የሞተ አልነበረም። ማባዛታቸውም ማካፈላቸውም ትክክል ነበረ፤ የተሳሳተው በቍጥሩ አጠገብ የሚቈመው የመለኪያ ስም ነው። እንደዚሁም በመድኀኒት ሥራ ማይክሮ ግራምን ሚሊ ግራም ብሎ የሚያነብ ሰው ለበሽተኛው የታዘዘለትን ሺህ እጥፍ ሊሰጠው ይችላል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ እነዚህ ቃላት ትንሽ ቢመስሉም ብዙ ሰው የደከመባቸው ናቸው። ገበሬው ፍትሕ ሲሻ ጠየቃቸው፤ ሊቃውንቱ በጦርነት መካከል ለኩላቸው፤ መንግሥታት ተስማምተው ተፈራረሙባቸው። ዛሬ በአንድ ገበያ የተመዘነ አንድ ኪሎ ቡና በሌላ አገር ገበያም ያው አንድ ኪሎ ነው። ይህን እምነት የሚጠብቀው ሚዛኑ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑን የሚያነበው ሰው ጭምር ነው። የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ነገ ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ አብራሪና መምህር የሚሆኑ አሉ። ሁላችንም ቍጥር ስንጽፍ የመለኪያውን ስም አብረን መጻፍን፣ ስንለውጥም ደግመን መመርመርን ልማድ እናድርግ።